ስለ አሥመራ መንገድና ስለ ብስክሌት ወዳጆቿ

ከቀይ ባሕር ዳር ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አሥመራ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዶጋሊና በጊንዳ በኩል የቆላውን ሙቀት ካሳለፈ በኋላ ነፋሲት ሲደርስ ከፊቱ የቆመውን ገደል እየተጠማዘዘ መውጣት ይጀምራል፤ የደብረ ቢዘን ገዳም ያለበትን ተራራ ወደ ኋላው ትቶም ከባሕር ወለል በላይ 2,325 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ከተማ ደጃፍ ይደርሳል። ጉሙ ከበታች እንደ ተነደፈ ጥጥ ሲነሣ፥ የጭነቱም መኪና እያጓራ ሲያዘግም፥ ከጎኑ አንድ ጎልማሳ በብስክሌቱ ላይ አጎንብሶ ያለ ችኮላ ሲወጣ ማየት በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የአሥመራን ሰው የብስክሌት ፍቅር ለመረዳት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ዳገት ቢያይ ይሻለዋል፤ ስለ ባለድላቸው ሲነጋገሩ የሚመዝኑበት ሚዛን ይኸው መንገድ ነውና።

ከዳገቱ በላይ ያለችው ከተማ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው የተሠራችው። በሐርነት ጎዳና ላይ ዘንባባው ተሰልፎ ቆሟል፤ በ1923 የተፈጸመው ካቴድራልና በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ የሚገኙትም በዚሁ ጎዳና ነው። ራቅ ብሎም በ1938 የተሠራው ፊያት ታልየሮ እንደ አውሮፕላን ክንፉን ዘርግቶ ይታያል። (ዓመተ ምሕረቱን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ስለዚህ ሁሉ የሕንፃ ውበት ከተማዪቱ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። የእኛ ዓይን ግን ይበልጥ ያረፈው በሕንፃዎቹ ሥር በሚያልፈው ሰው ላይ ነው። ዳቦ በኋላው የጫነው፥ ልጁን ከፊቱ ያስቀመጠው፥ ኮትና ከረባት አድርጎ ወደ ጉዳዩ የሚሄደው ሽማግሌ ጭምር በብስክሌት ይጓዛል። እሑድ ጧት እሽቅድምድም ያለ እንደ ሆነ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ሕዝቡ በግራና በቀኝ ተደርድሮ ይቆማል።

ብስክሌትን ወደዚህ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ ቃሉንም ጭምር ትተው ሄደዋል። እኛም በአማርኛችን ጎማ፥ ፍሬን፥ ቸርኬ፥ ማሊያ ስንል፥ ደጋፊውንም ቲፎዞ ብለን ስንጠራው የምንናገረው ከነርሱ አፍ የወሰድነውን ነው። ሆኖም ብስክሌቱን ያመጣው እጅ ያገሬውን ልጅ ከእሽቅድምድሙ ከልክሎት ነበር። በ1939 ሁለቱ ወገኖች አብረው በተሰለፉበት ልዩ ውድድር ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ ቀድሞ ገባ። ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አይሮጥም ብለው ያስተምሩ ለነበሩት ይህ መራራ ትምህርት ሳይሆን አልቀረም። በ1946 በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ጂሮ ኤርትራ የተባለው ውድድር ተጀመረ፤ ሳይቆይም ተቋርጦ በ2001 እንደ ገና ቆመ። ኢትዮጵያም በመጀመሪያ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች አሰልፋ ነበር፤ ያን ጊዜ ኤርትራ ከእርሷ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች።

ዛሬ በቡና ቤቱ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሰው የሚከራከረው ስለ ቢንያም ግርማይ ነው። ቢንያም በ2000 በዚሁ ከተማ ተወለደ፤ በ2018 በስዊስ አገር ኤግል ወደሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ማሠልጠኛ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮው በሁለት አገር የተከፈለ ሆነ። ከእርሱ በፊት በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቁዱስ በቱር ደ ፍራንስ ተሰልፈው፥ ዳንኤል ለዳገት ጀግና የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ማሊያ ለጥቂት ቀናት ለብሶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በዚያው ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ክርክሩን ለመከተል ለአንባቢዎቻችን አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ቱር ደ ፍራንስ እንደ ሩቅ አገር ጉዞ በየምዕራፉ እየታደረ የሚካሄድ ነው፤ 21 ምዕራፍ አለው፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ርዝመቱም ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሁሉም ምዕራፍ ሰዓት ተደምሮ ጥቂት ጊዜ የፈጀው ሰው ቢጫውን ማሊያ ይወስዳል። አረንጓዴው ግን የሚሰጠው በሰዓት ሳይሆን በነጥብ ነው፤ በሜዳው ምዕራፍ ቀድሞ የገባ 50 ነጥብ ያገኛል፤ በመካከል በተሰመሩትም መስመሮች ላይ የሚለቀም ነጥብ አለ። ስለዚህ አንዱ ሰው በተራራ ላይ ሲበረታ ሌላው በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ይበረታል፤ ሁለቱንም አንድ አካል ይዞ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው።

ከክርክራቸው ሁሉ ለቤተ ሰብ ወገን የሚቀርበው የ2022ቱ ነው። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ቢንያም በቤልጅግ አገር የሚደረገውን የጌንት ዌቨልገምን እሽቅድምድም ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ አሸነፈ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ታላቁ የፍላንደርስ ዙር ነበረ። ዓለም ሁሉ ይሰለፋል ብሎ ሲጠብቀው፥ እርሱ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ለወራት አላየሁም ብሎ፥ አስቀድሞ እንዳቀደው ወደ አሥመራ ተመለሰ። አንዱ ወገን፥ ጉልበት በሰው ላይ የሚያብበው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያን ሳምንት መልቀቅ አልነበረበትም ይላል። ሌላው ወገን፥ ከወገኑ ተለይቶ በብርድ አገር የሚኖር ልጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ ካልተጽናና እግሩም አይሠራለት ይላል። ሴቶቹ በዚህ ክርክር ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኞቹ ጋር ናቸው፤ እኛም ከነርሱ ጋር ነን። በዚያ ሰሞን አሥመራ ደርሶ ሕዝቡ በአደባባይ ሲቀበለው የነበረውን እልልታ ያስታወሰ ሰው የቀረበትን ድል ለመቁጠር ይቸግረዋል።

በግንቦት ደግሞ በጂሮ ዲታሊያ 10ኛ ምዕራፍ በኢየዚ ከተማ ማቲዩ ቫን ደር ፑልን በፍጥነት ቀድሞ ገባ፤ ተሸናፊውም አውራ ጣቱን አንሥቶ አመሰገነው። በሽልማቱ መድረክ ላይ ግን የወይን ጠጁን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታውና ውድድሩን ትቶ ለመሄድ ተገደደ። ሽማግሎች ይህን ሲያወሩ አንድ ጊዜ ይሥቃሉ፥ አንድ ጊዜም ያማትባሉ።

ታላቁ ዓመት 2024 ነው። በሐምሌ 1 ቀን በቱር ደ ፍራንስ 3ኛ ምዕራፍ በቶሪኖ ከተማ አሸነፈ፤ በዚህም አንድ የቱር ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ይህም ድል እንደ ኢየዚው ሁሉ በጣሊያን ምድር መሆኑን የአሥመራ አዛውንት ሳያነሡት አያልፉም። ቢንያም ከዚያ በኋላ ሁለት ምዕራፎች ጨመረ። በ16ኛው ምዕራፍ ኒም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ፤ ተፎካካሪው ያስፐር ፊሊፕሰንም ያን ቀን አሸንፎ ነጥቡን አቀራረበ። በአሥመራ ያለው ቲፎዞ ከዚያ በኋላ ስለ ድል ማሰቡን ትቶ በወረቀት ላይ ይደምር ጀመር፤ ጉልበቱ ተልጦ ተራራውን ይወጣ ይሆን? ሰዓቱ ሳያልፍበት ይገባ ይሆን? ሁሉንም አልፎ ኒስ ሲደርስ ሒሳቡ 387 ለ354 ሆነ፤ አረንጓዴው ማሊያ የእርሱ ሆነ። በ2025 ግን በሊል በተደረገው በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለተኛ ገባ እንጂ በዚያው ቱር አንድም ምዕራፍ አላሸነፈም።

ስለዚህ የሚመጣው ውድድር ሲቃረብ ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል። ከነፋሲት ዳገት በላይ ያደገ ልጅ ስለ ምን የሜዳ አሸናፊ ሆነ? ብሎ የሚጠይቅ አለ። ለዚህም መልስ የሚሰጡት በወጣትነታቸው ራሳቸው የተሽቀዳደሙት ናቸው፤ ከፍታው ሳንባን ያሰፋል፥ በመጨረሻው ሰዓት የሚፈነዳው ጉልበት ግን ከጡንቻ ነው፥ ጡንቻም በረጅሙ ዳገት ላይ ሸክም ይሆናል ይላሉ። አጭሩን ዳገት ከኀይለኞቹ ጋር ወጥቶ በመጨረሻ መቅደሙ የእርሱ ስጦታ ስለ ሆነ፥ የውድድሩ ካርታ እንደ ታተመ ሜዳውን ትተው አስቀድመው የሚፈልጉት ጉብታ ያለበትን ምዕራፍ ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ሲከተሉ ያየናቸው ፈረንሳይ አገር ረግጠው የማያውቁ ናቸው፤ የተራራውን ስምና ቁመት ግን በቃላቸው ይዘውታል።

ሐምሌ ሲገባ በአውሮፓ ያለው ምዕራፍ የሚያልቀው በአሥመራ አቆጣጠር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥራው ወጥቶ በሐርነት ጎዳና ወዲያና ወዲህ የሚንሸራሸርበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት ወንበሩ አስቀድሞ የተያዘ ስለ ሆነ፥ የዘገየው ሰው ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደግፎ በመስኮት በኩል ቆሞ ያያል።