ሜኖ፦ ማደር ወይስ መኖር?

በአማርኛችን መቆየት እንደ ርዝመቱ ስሙ ይለያያል። ለአንድ ሌሊት ከሆነ «አደረ»፣ ለጥቂት ቀናት «ሰነበተ»፣ ክረምቱን ከዘለቀ «ከረመ»፣ ጎጆ ከቀለሰ «ኖረ» እንላለን። ሸዋ ሮቢት ልዩነቱን ታውቀዋለች። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገደኛ ያድርባታል፤ ሽንኩርትና ማንጎ የሚያለማው ገበሬ ግን ከነሙቀቷ ይኖርባታል።

የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ለማደርም ለመኖርም «ሜኖ» በሚል አንድ ግስ ይጠቀማል። የኤማሁስ መንገደኞች ጌታ አብሯቸው እንዲያድር ሲለምኑት (ሉቃ. 24፥29)፣ እርሱም በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን እንዲቆዩ ሲነግራቸው (ማቴ. 26፥38)፣ ደግሞም በእርሱ እንዲኖሩ ሲያዝዛቸው (ዮሐ. 15፥4) ግሱ ያው ነው።

እርባታውን እንይ። «ሜኖ» እኖራለሁ፣ «ኤሜይና» ኖርሁ፣ «ሜይናቴ» ኑሩ ማለት ነው። የአሁኑ «እኖራለሁ» እና የወደፊቱ «እኖራለሁ» ደግሞ በፊደል አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የድምፁ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። የእኛም «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» እንደሚሆነው መሆኑ ነው።

ይህን ሳስተምር አንድ ወጣት ጠየቀኝ፤ በአፋር በኩል ጅቡቲ ገብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመድረስ የሚያስብ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ ኑሩ ማለት ከሮቢት አትውጡ ማለት ነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከክፍላችን በዚሁ መንገድ የሄዱ አሉ። መልሱን ከግሱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቃል ጀመርሁ። «ኤን» ትባላለች፤ «ውስጥ» ማለት ናት። እንድንኖርበት የታዘዝነው በክርስቶስ እንጂ በአንዲት ከተማ አይደለም። ስለዚህ ትእዛዙ መንገድ አይዘጋም። ነገር ግን «መጀመሪያ ገንዘብ ልያዝ፣ ከዚያ ወደ ጌታ እመለሳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይዘጋል። ከዚያም ስለ በረሃው፣ ስለ ደላላውና ስለ ባሕሩ የማውቀውን ሳልሸሽግ ነገርሁት። እንዲቀር እንደምመኝም ነገርሁት። እርሱ ገና አልወሰነም፤ እኔም መጸለዬን አልተውሁም።

አንተስ ወንድሜ? አንቺስ እህቴ? ጌታን በፈተና ሰሞን ወይም በጭንቅ ሌሊት ብቻ «እደርልን» ብለነው ከሆነ መልካም ጀምረናል። የኤማሁስ ሰዎችም የለመኑት ለአንድ ማታ ነበር። ሲነጋስ?