አንድ ፒን፥ ስንት ሥራ?

ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የምንማር ሰዎች ስለ ኮምፒውተር ፒን ምን አገባችሁ የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍ ቃሉ «ተናገረ» ማለት ይሁን ወይም «ይገኛል» ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ቢግልቦን ብላክ በምትባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ያገኘነውም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሰሌዳዪቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የወጣች ስትሆን፥ በሁለት ጎኗ ፒ8 እና ፒ9 የተባሉ መሰኪያዎች አሏት፤ በያንዳንዱም 46 ፒን አለ። ከፊሎቹ ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለግራውንድ የተመደቡ ስለሆኑ አይለወጡም። የብዙዎቹ ሥራ ግን በብረቱ ላይ የተጻፈ አይደለም። ከፒ9 ላይ 22ኛዋን እንመልከት። በሞድ 0 የኤስፒአይ ሰዓት ምት ትሆናለች፤ በሞድ 1 የዩአርት መልእክት ትቀበላለች፤ በሞድ 2 የአይቱሲ ዳታ ታመላልሳለች፤ በሞድ 3 የመብራት ድምቀት የሚገዛውን ፒደብልዩኤም ታወጣለች፤ በሞድ 7 ደግሞ ተራ የጂፒአይኦ ፒን ናት። ብረቱ ያው አንድ ብረት ነው።

ይህን የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሬጂስተር የሚባል ትንሽ መዝገብ ነው። ሦስት ቢቶቹ ሞዱን ይመርጣሉ፤ ሦስት ቢትም ስምንት ምርጫ ይሰጣል። ሌሎቹ ቢቶች ፒኗ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትሳብ እንደ ሆነ፥ ከውጭ የሚመጣውንም ትሰማ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ነገር ግን ማንኛውም ፕሮግራም ተነሥቶ በዚህ መዝገብ ላይ ሊጽፍ አይችልም፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅደው ለከርነሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ፒን ለመለወጥ የፈለገ ሰው የዲቫይስ ትሪ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፥ በኮምፓይለር አሳልፎ፥ ለከርነሉ ማስረከብ ነበረበት። መቼም ማመልከቻ ጽፎ ማኅተም ለማስመታት ደጅ የጠና ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

በኋላ ኬፕ ዩኒቨርሳል የተባለው ዘዴ መጣ። የፒኖቹ ምርጫ አስቀድሞ ለከርነሉ ስለሚሰጠው፥ ማሽኑ እየሠራ ሳለ «ኮንፊግ ፒን» በሚባለው ትእዛዝ የፒኗን ቁጥርና የሚፈለገውን ሥራ በአንድ መስመር መንገር ይበቃል። እኛ ለብዙ ሰው አንድ ሰሌዳ ብቻ ስላለን፥ ይህ ለኛ ቅንጦት አይደለም። ጧት በዩአርት የሚሠራው ተነሥቶ ሲሄድ፥ ከሰዓት በኋላ መብራት የሚያደበዝዘው በዚያችው ፒን ይገባል።

ከመካከላችን ሁሉም ነገር ከቡት ጀምሮ ይወሰንና ማንም አይንካው የሚሉ አሉ። በፋብሪካ ውስጥ ለሚተከል ማሽን እውነታቸውን ነው፤ ለተማሪ ግን አንስማማም። የሚፈሩት ነገር ግን የሚናቅ አይደለም፤ ትእዛዙ ከፒኗ ውጭ ምን እንደ ተሰካ ከቶ አያውቅም። ከውጭ ያለው ዕቃ 0 ቮልት ይዞ ሳለ የኛ ፒን 3.3 ቮልት አውጪ ብትባል፥ ሁለቱ ይጋጩና ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ይችላል፤ 5 ቮልትማ በጭራሽ አይነካትም። ስለዚህ ሰሌዳውን የሚረከብ ሁሉ በመጀመሪያ ሽቦውን ይንቀል፤ ቀጥሎ ሞዱን ይለውጥ፤ «ኮንፊግ ፒን»ን ጠይቆ ሞዱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሰካ። ከሌላ ሰው ደብተር የተገለበጠ ትእዛዝ ይህን አያስቀርም።

አሁን የቀረን ክርክር የፒ8 ነው። ከ27 እስከ 46 ያሉትን ፒኖች ኤችዲኤምአይ ይዟቸዋል፤ እነሱን የፈለገ ሰው ስክሪኑን በቡት ጊዜ መተው አለበት፥ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በአንድ መስመር የሚሆን አይደለም። ግማሾቻችን ስክሪኑ ይቅር እንላለን፤ ግማሾቹ ያለ ስክሪን ምን ልናይ ነው ይላሉ።