የምርጫ ገንዘብ በማን መቀነት ይታሰር?

ስለ ምርጫ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የድምፅ መስጫውን ሣጥን ነው። ውድ እናቶችና እኅቶች፣ ከዚያ ሣጥን በፊት ግን የገንዘቡ ሣጥን አለ። በራሪ ወረቀት የሚታተመው፣ ሞንታርቦ የሚከራየው፣ ለባጃጅ የሚከፈለው፣ ከንጋት ጀምሮ በምርጫ ጣቢያ ለሚውሉ ወኪሎች ምሳ የሚቋጠረው በገንዘብ ነው። ዕቁብ ስትጥል፣ ዕድር ስትከፍል፣ ለማኅበር ድግስ ስታዋጣ የኖረች እናት ይህንን ሥራ ከማንም በተሻለ ታውቀዋለች። ሆኖም የምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ እሷን የምንጠራት ወጥ እንድትሠራና እልል እንድትል ነው፤ ደብተሩ የሚሰጠው ለሌላ ነው። ይህንን በሚመለከት በ2013 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የአክስቴ ልጅ አንኮበር ተወልዳ ደብረ ብርሃን የምታስተምር የሁለት ልጆች እናት ናት። በዚያ ዓመት በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ለክልሉ ምክር ቤት ዕጩ ሆና ቀረበች። የፓርቲዋን ስም አላነሣም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ፓርቲው አይደለምና። የቅስቀሳው ጊዜ በየካቲት 8 ቀን ተከፍቶ ነበር። ሁዳዴ በገባ ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ቤቷ ስደርስ፣ በእጇ የነበረው አንድ እስር ፖስተርና «በርቺ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የቀረውን ራሷ ትወጣው ተብሏል። የመምህር ደመወዝ ደግሞ እንኳን ለቅስቀሳ ለወሩ አስቤዛም አይበቃ። ባለቤቷ ዝም ብሏል። አማቷ ግን «የልጆቹን ወተት ግድግዳ ላይ ልትለጥፊው ነው?» ብለዋታል። እሷም የሰርጓን ሀብል ከአንገቷ አውልቃ፣ በመሀረብ ቋጥራ፣ ለወርቅ ቤት አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች።

የሴት ዕጩና የንብረት ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲካሄድ ሴት የመምረጥም የመመረጥም መብት ነበራት። ሕጉ ግን ዕጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ቢያንስ የ1,000 ብር መሬት ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። መሬቱ በአባት ወይም በባል ስም በሚታወቅበት ዘመን ይህ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ፓርቲም ስላልነበረ ወጪው የዕጩው የራሱ ነው። ያንን አልፈው ምክር ቤት የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነዋል። ወይዘሮ ስንዱ ግን የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ ውጭ አገር የተማሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሴት ናቸው። ከአንኮበር ገበሬ ቤት የወጣች ሴት በዚያን ጊዜ በዚያ በር አትገባም።

ዛሬ ንብረት የሚጠይቅ ሕግ የለም። በነሐሴ 2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 እንዲያውም መንግሥት ለፓርቲዎች የሚሰጠው ድጋፍ ሲከፋፈል ሴት ዕጩዎችን ማቅረባቸው ከግምት እንዲገባ ያደርጋል። ደግ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ለፓርቲው ነው፤ ከፓርቲው ካዝና እስከ ሴቲቱ ደጃፍ ያለውን መንገድ ሕጉ አይጠርገውም። ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሴት ዕጩዎችን በገንዘብ ለመርዳት «ኤሚሊስ ሊስት» የሚባል ማኅበር ያቋቋሙ ሴቶች፣ ስሙን ያወጡት «ቶሎ የደረሰ ገንዘብ እንደ እርሾ ነው» ከሚለው አባባል የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ለሴት ዕጩ ገንዘብ የሚመጣው እንደምታሸንፍ ከታየ በኋላ ነው፤ እንዳታሸንፍ የሚያደርጋት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ማጣቷ ነው። እርሾ ያልገባበት ሊጥ ምጣድ ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የደብረ ብርሃን እናቶች አሜሪካ መሄድ አያሻቸውም።

እርሾውን የጣሉት ጎረቤቷ ናቸው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ፣ ለብዙ ዓመታት የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆኑ ሴት ናቸው፤ ስማቸውን እንዳላወጣ ስለ ለመኑኝ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «እትዬ» ልበላቸው። ቡና አፍልተው አሥራ አንድ ሴቶች ጠሩ። የኮሮና ጊዜ ነበርና ጭንብሉ በየአገጩ ተንጠልጥሏል፤ ቆሎው ግን የሚዘገነው ከአንድ ሰፌድ ነው። እትዬ መጀመሪያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞረው «ሀብልሽን መልሰሽ አጥልቂ» አሏት። «እሱን ከሸጥሽ ዕዳው የአንቺ ብቻ ነው። ካዋጣን ግን ነገ ምን ሠራሽ ብለን እንጠይቅሻለን።»

50 ብር፣ ያልቻለች 10 ብር ተባለ። አንዲቱ «ይኼስ መቼ ነው የሚመለስልን?» ብላ ጠየቀች። ለካስ ለሕዳሴው ግድብ የገዛችውን ቦንድ አስባ ኖሯል። እትዬ ልዩነቱን አስረዷት፤ ቦንድ ብድር ነው፣ ዋናው ከነወለዱ ይመለሳል፤ ይኼ ግን ሰጥተሽ የምትረሺው ነው፣ ልጅቷ ብትሸነፍ አይመለስም፣ ብታሸንፍም የቀበሌ ቤት አታሰጥሽም። ይህንን የሰሙ ሁለት ሴቶች ቡናቸውን ጠጥተው ሳይሰጡ ሄዱ፤ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ለማንም ዕጩ ማዋጣት ስለማይገባኝ አላዋጣሁም። ቡናውን ግን እስከ በረካ ጠጥቻለሁ።

ከመካከላቸው አንዷ «ለጊዜው ከዕድሩ ጥቂት እናንሣና በኋላ እንተካው» ስትል እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የዕድር ገንዘብ የሞት ነው» አሉ። «እዚያ ውስጥ ሌላ የምትመርጥ ሴት ብር አለ። እሷ ሳታውቅ በእሷ ብር ልትቀሰቅሱ ነው?» ደግሞም ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት የደረሰኝ ጥራዝ ካልመጣ አንድ ብር እንደማይነኩ ተናገሩ። ጥራዙ በሦስተኛው ቀን መጣ።

በበኩሌ ከዕድሩ ይልቅ ያስፈራኝ ይሉኝታው ነበር። ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ የመዋጮ ወረቀት ሲዞር አይታችኋል፤ ከላይ አለቃ 500 ብር ብሎ ከፈረመ በታች ያለችው የጽዳት ሠራተኛ ባዶ ማለፍ አትችልም። ስጦታው ግብር ይሆናል። እትዬ ይህንን በአንድ ቀላል ነገር አስቀሩት። የማንም ብር ለሌላው አይታይም፤ ደረሰኙ ለየብቻ ይጻፋል፣ ደብተሩ የሚነበበው በድምር ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ጉልት የምትቸረችር ሴት 10 ብር ሰጥታ «እትዬ፣ ብሩ ለጎረቤቴ ነው፤ ድምፄን ግን ለልቤ ነው የምሰጠው» አለቻቸው። «ድምፅሽን መች ጠየቅሁሽ» ብለው ጻፉላት።

ወሬው አንኮበር ደረሰ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያሉት የአክስቴ ጎረቤቶች የምርጫ ክልላቸው ሌላ ቢሆንም «ልጃችን ናት» ብለው ከጎረቤላ በጭነት መኪና ሁለት ኩንታል ገብስ ላኩ። ጥሬ ብር የለም፣ ገብስ አለ። እንግዲህ ገብስ በደረሰኝ እንዴት ይጻፋል? እትዬ የዕለቱን የገበያ ዋጋ አስጠየቁ፣ በብር አስተመኑ፣ ላኪዎቹን አንድ በአንድ በስልክ አስጠርተው ጻፉ። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው አንኮበር ሕዝቡ ለቤተ መንግሥት እህልና ማር ሲያገባ ኖሯል፤ ደረሰኝ በስልክ ሲነበብላቸው አሮጊቶቹ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ከገብሱ አንዱ ኩንታል ተቆልቶ በሶ ሆነ። ወጣቶቹ ቀስቃሾች በብርዱ በእግራቸው ሲዞሩ የበሉት እሱን ነው።

በመጋቢት አጋማሽ አንድ ነጋዴ በጋዜጣ የተጠቀለለ 20,000 ብር ይዘው መጡ። «ስሜ አይጻፍ» አሉ። አዋጁ ፓርቲ ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ ድርጅትና ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ እትዬ አዋጁን ባያነቡትም የዕድር ደንብ ያውቃሉ። ስም ከሌለ ደረሰኝ የለም፣ ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡ አይገባም አሉ። ሰውየው ጥቅላቸውን ይዘው ወጡ። የዚያን ማታ ቤቱ ታመሰ። ወጣቶቹ «መኪና ተከራይተን ዳር ዳር ያሉትን ቀበሌዎች እናዳርስበት ነበር» ብለው ተቆጡ። የአክስቴ ልጅ አለቀሰች። እውነታቸውንም ነው፤ ዳር ያሉት ቀበሌዎች ብዙዎቹ ሳይደረሱ ቀርተዋል፣ ይህም ድምፅ አሳጥቷታል። ቢሆንም የእትዬን አቋም እደግፋለሁ። ስሙን የሚደብቅ ሰጪ የሚሰጠውን አይረሳም፤ ከምርጫ በኋላ ማታ ማታ በሩን የሚያንኳኳው እሱ ነው፤ በር ከፍታ የምትቆመውም አሥራ አንዱ ሴቶች አጠገቧ ሳይኖሩ ብቻዋን ናት።

ከዚያ በኋላ ቅስቀሳው ራሱ የሚረሳበት ነገር መጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥቃትና ቃጠሎ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ብዙዎችም ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። ልጅ ያዘሉ እናቶች በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። በእትዬ ቤት መዋጮው ተቋረጠ። የተሰበሰበው ብር ለተፈናቃዮች ይሰጥ የሚል ሐሳብም ተነሣ፤ ከባድ ክርክር ነበር። እትዬ ለዚህም ሌላ ደብተር ከፈቱ። ለቅስቀሳ የተሰጠው ለቅስቀሳ ይቆያል፣ ለተፈናቃይ እንደ አዲስ እናዋጣ አሉ። ሁለተኛው ደብተር ከመጀመሪያው በፈጠነ ሞላ። የአክስቴ ልጅም ለሁለት ሳምንት ሞንታርቦውን መልሳ ብርድ ልብስ ስታድል ሰነበተች። ፖስተሯን ይዛ አልሄደችም፤ ተቀናቃኞቿ ይዘው ሄደው እንደሆነ የሚያውቁት ተፈናቃዮቹ ናቸው።

የምርጫው ቀን ለግንቦት 28 ተቆርጦ ነበር፤ ወደ ሰኔ 14 ተዛወረ። አሥራ ስድስት ቀን ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ምንም አይደለም። በ50 ብር መዋጮ ለሚንቀሳቀስ ቅስቀሳ ግን የአሥራ ስድስት ቀን ባጃጅ፣ የአሥራ ስድስት ቀን ሻይና ዳቦ ነው። ደብተሩ ባዶ ሆነ፤ ሞንታርቦው በዱቤ ሆነ።

ሰኔ 14 የሐዋርያት ጾም የገባበት ሰኞ ነበር። ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው ለወኪሎቻቸው ሽሮና ምስር ቋጠሩ። የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲራዘም የምሳው እንጀራ አልቆ ስለ ነበር፣ የቀረው የአንኮበር በሶ በፌስታል ተይዞ በየጣቢያው ዞረ። የሌላ ፓርቲ ወኪሎችም ዘግነውለታል።

የአክስቴ ልጅ አላሸነፈችም።

በሐምሌ እትዬ እንደገና ቡና አፍልተው ሒሳቡን አነበቡ። ያዋጡት ሁሉ ተጠርተዋል፤ ያቺ ጉልት ነጋዴም ነበረች። የገባው፣ የወጣው፣ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት የተረከበው ቅጂ በየተራ ተነበበ። ለባለ ሞንታርቦው 1,800 ብር ዕዳ ቀርቷል። የአክስቴ ልጅ እጇን ወደ አንገቷ ስትሰድ አይተው እትዬ «ተይው» አሏት። ያልተነካው ሁለተኛው ኩንታል ገብስ በመዋጮው ደብተር የተጻፈ የቅስቀሳ ንብረት ስለ ሆነ እሱ ተሽጦ ይከፈል ተባለ፤ አልበቃም። የቀረውን በወር በወር እያዋጡ በጥቅምት 2014 ጨረሱት። የመጨረሻውን ደረሰኝ እትዬ አሳይተውኛል፤ ቁጥሩ 87 ነው፣ የከፋይዋ ስም በተጻፈበት መስመር ላይ የአማቷ ስም አለ።