በኑርቡርግ ተራራ ዙሪያ ያለው መንገድና የወይዘሮ ሳቢነ ሽሚትስ መታሰቢያ

ከኮሎኝ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ የራይንን ሜዳ ከኋላው ትቶ በአውቶሞቢል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሄድ፥ አይፈል ከሚባለው ተራራማ አገር ይደርሳል። ይህ አገር በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ እሳት ይተፋ የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ እሳቱ ጠፍቶ ተራሮቹ በጥድና በልዩ ልዩ ዛፍ ተሸፍነዋል። ዝናሙና ጉሙ አይታጣም፤ በአንዱ ኰረብታ ፀሓይ ወጥቶ ሳለ በማዶ ያለው ሰው ካፖርቱን ደርቦ ይቆማል። የደጋችንን አየር የለመደ ሰው በዚያ ብዙ እንግድነት አይሰማውም።

ከነዚህ ኰረብታዎች በአንዱ ራስ ላይ ኑርቡርግ የተባለ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ግንብ ፈርሶ ይታያል። ከግርጌው በግንቡ ስም የተጠራች ትንሽ መንደር አለች። መንደሪቱንም ግንቡንም እንደ መቀነት የከበባቸው ኑርቡርግሪንግ የተባለው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም መንገድ ነው። እኔ ስለ ፈጣን መኪና ያለኝ ፍቅር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ወደዚያ የሄድሁት እሽቅድምድም ለማየት አይደለም። በ2021 ዓ.ም. ስለ ሞቱት ስለ ወይዘሮ ሳቢነ ሽሚትስ ብዙ ሰምቼ ነበርና፥ ዘመድም ጎረቤትም ያልሆነ ሕዝብ ለምን እንደዚያ እንዳዘነላቸው ከቦታው ሆኜ ለመረዳት ነው። (በዚህ ጽሕፈት ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

መንገዱ የተጀመረው በ1925 ነው። ከፊተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአዴናው ወረዳ ድኽነትና ሥራ ማጣት ጸንቶ ስለ ነበር፥ የወረዳው ሹም ዶክተር ኦቶ ክሮይትስ ለሕዝቡ እንጀራ የሚሆን ሥራ ሲፈልጉ ይህን አሰቡ። በዚያን ጊዜ የኮሎኝ ከንቲባ የነበሩት፥ ኋላም የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት የሆኑት ኮንራድ አዴናወር ደገፏቸው። በ1927 በሰኔ ወር የመጀመሪያው ውድድር ተደረገበት። ሰሜናዊው ዙር የሚባለው ዋነኛው ክፍል ዛሬ ርዝመቱ 20 ኪሎሜትር ከ832 ሜትር ነው። ከሰባ የሚበልጡ መጠምዘዣዎች አሉት፤ ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ይወጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ከአቀበት ጫፍ በስተኋላው ያለው ከቶ የማይታይ ስለ ሆነ፥ ነጂው በዐይኑ ሳይሆን በትዝታው ይነዳል። የእስኮትላንዱ ተወዳዳሪ ጃኪ ስቱዋርት መንገዱን «አረንጓዴው ሲኦል» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እንደ ተጣበቀበት ቀረ።

እያንዳንዱ የመንገዱ ክፍል እንደ እርሻ ማሳ የየራሱ ስም አለው። አንዱ «የቀበሮ ቱቦ» ይባላል፤ አንዱ «ትንሿ ምንጭ»፤ ሌላው «የስዊድን መስቀል»። ይህ የመጨረሻው ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዓመት ከቆመ የድንጋይ መስቀል ነው፤ በዚያ ቦታ ሕይወቱን ላጣ አንድ ሰው መታሰቢያ ነው ይባላል። እንግዲህ በዚያ ደን ውስጥ ለሞተ ሰው ምልክት ማቆም ከመንገዱ በፊት የነበረ ልማድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን፥ ውድድር በሌለበት ቀን በሩ ይከፈትና የመንጃ ፈቃድ ያለው ማንም ሰው ዋጋውን ከፍሎ በገዛ መኪናው መግባቱ ነው። ሐኪሙ፥ ዳቦ ጋጋሪው፥ የባንክ ጸሐፊው፥ ከእንግሊዝና ከሆላንድ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው ጐልማሳ ሁሉ በአንድ ሰልፍ ይቆማል። በታላቁ ውድድር ጊዜም ሕዝቡ በደኑ ውስጥ ድንኳን ተክሎ፥ እሳት አንድዶ፥ ሥጋ እየጠበሰ ቀንና ሌሊት ይሰነብታል፤ የሚወዳቸውንም ሰዎች ስም በአስፋልቱ ላይ በቀለም ይጽፋል። በዚህ አኳኋን መዝገብም ሊቀ መንበርም የሌለው፥ ነገር ግን አባሎቹ በያሉበት የሚተዋወቁ ማኅበር በዚያ ቦታ በቅሏል። ሰው የሚሞትበትም መንገድ ነው። ይህን ሳልናገር ስለ ደስታው ብቻ ብጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። በ1976 የኦስትርያው ሰው ኒኪ ላውዳ «ቤርግቬርክ» በተባለው ቦታ አጠገብ ከነመኪናቸው በእሳት ተያይዘው፥ ተወዳዳሪ ባልንጀሮቻቸው ናቸው ከነበልባሉ ጐትተው ያወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ አንድ የሚባለው የዓለም ሻምፒዮና ወደ ሰሜናዊው ዙር አልተመለሰም።

ወይዘሮ ሳቢነ ሽሚትስ በ1969 በአዴናው ተወለዱ። ወላጆቻቸው በኑርቡርግ መንደር ሆቴል ስለ ነበራቸው፥ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በመንገዱ ክበብ ውስጥ ነው፤ እኛ በዶሮ ጩኸት እንደምንነቃ እርሳቸው በሞተር ድምፅ ይነቁ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ታላላቅ እኅቶቻቸውም እሽቅድምድምን ሞክረውት ነበር፤ እስከ መጨረሻው የገፉበት ግን ታናሺቱ ናቸው። ሙያቸው የሆቴል ሥራና የወይን ጠጅ ዐዋቂነት ነበር፤ በመንደራቸውም በ«የቀበሮ ቱቦ» ስም የተጠራ ምግብ ቤት እስከ 2003 ይዘው ነበር። ሴት ልጅ ወይ እንግዳ ተቀባይ ቤት ማስተዳደርን ወይ ሌላውን መምረጥ አለባት ለሚሉ ወላጆች ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ወይዘሮዪቱ በጠረጴዛ ዙሪያ የተማሩት እንግዳን ማጫወት ኋላ በመሪው ላይ ሆነው እጅግ ጠቅሟቸዋል።

በ1996 በዚያው መንገድ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረቦቻቸው ጋር በቢ.ኤም.ደብልዩ መኪና አሸንፈው፥ ያን ድል ያገኙ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። በ1997 ደግመው አሸነፉ። ስለ ድሎቻቸው ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ሕዝቡ የወደዳቸው ግን በዋንጫው አይመስለኝም።

በዚያ መንገድ የቀለበቱ ታክሲ የሚባል ነበረ፤ ዋጋውን የከፈለ ሰው ከባለሙያ ነጂ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዙር ይዞራል። ወይዘሮ ሳቢነ ብዙ ዘመን ይህን ታክሲ ነድተዋል። ተሳፋሪው የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጦ ትንፋሹን ሲይዝ፥ እርሳቸው በአንድ እጃቸው ወደ ደኑ እያመለከቱ፥ እየሣቁና እያወሩ ያልፉ ነበር። ሣቃቸው በዓለሙ ሁሉ የታወቀ ነው። እንደ ራሳቸው ግምት በዚህ መንገድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ዞረዋል። እኔ በወረቀት ላይ አባዝቼ ባየው ከ416,000 ኪሎሜትር በላይ ሆነ፤ ይህም ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣል። ያን ሁሉ ሲሄዱ ከወላጆቻቸው ቤት ደጅ ብዙ አልራቁም።

የእንግሊዝ አገር ሰዎች ያወቋቸው ቶፕ ጊር በተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት ነው። በ2004 ጄረሚ ክላርክሰን የተባለው ተራኪ በናፍጣ በሚሄድ ጃጓር መኪና ዙሩን በ9 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ፈጽሞ ደስ ሲለው፥ ወይዘሮዪቱ ይህንማ በጭነት መኪናም አደርገዋለሁ ብለው ቀለዱበት፤ በዚያው ጃጓር ተቀምጠውም በ9 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ዞሩ። በሚከተለው ዓመት ቀልዱን እውነት ለማድረግ ፎርድ ትራንዚት የተባለውን የዕቃ መጫኛ መኪና ይዘው ቀረቡ። ለፍጥነት የተሠሩትን መኪኖች እንኳ በመጠምዘዣው ላይ እያለፉ በ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ገቡ። እንግዲህ በጥቂት ሴኮንድ ተሸንፈዋል። ይሁን እንጂ ከድላቸው ሁሉ ይልቅ ሰው የሚያነሣው ይህን ሽንፈት ነው፤ እኔም ያን ሥዕል ባየሁ ቍጥር ሣቄን መያዝ አልቻልሁም።

በ2020 ከሦስት ዓመት ያህል ጀምሮ የነቀርሳ በሽታ እንደ ያዛቸው ራሳቸው ገለጡ። በ2021 መጋቢት ወር በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ያ ሁሉ ፍጥነት ያላደረሰባቸውን በሽታ በአልጋ ላይ አደረሰባቸው። ወቅቱም የኮሮና ወረርሽኝ ያለበት ስለ ነበር፥ ሰው እንደ ልቡ ተሰብስቦ ሊቀብርና ሊያለቅስ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሐዘንተኛው በያገሩ ሆኖ ጻፈ፤ አንዱ አብሯቸው የተሳፈረበትን ቀን፥ ሌላው የሣቁበትን ቀልድ፥ ብዙው ደግሞ አንድም ቀን ሳያገኛቸው እንደሚያውቃቸው ያህል ተረከ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በአጠገቡ ያለው የአር ወንዝ ሞልቶ የሸለቆውን መንደሮች ጠረገ፤ በዚያ ሸለቆ ብቻ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የእሽቅድምድሙ ሜዳ የረድኤት ሰዎች ማረፊያና የልብስ የምግብ ማከማቻ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ በመስከረም የሰሜናዊው ዙር የመጀመሪያው መጠምዘዣ «የሳቢነ ሽሚትስ መጠምዘዣ» ተባለ። ይህን ስሰማ ልቤ ጥቂት ተከራከረ፤ በጎርፍ ለሞቱት እናቶችና ሕፃናት ገና በሚለቀስበት አገር ለአንዲት ነጂ መጠምዘዣ መሰየም ተገቢ ነውን? ነገር ግን ለቅሶ እንደ ግብር በሚዛን የሚከፈል አይደለም። ለአንዱ ያለቀሰ ዐይን ለሌላው አይደርቅም፤ በዚያ ሜዳ ብርድ ልብስ የተሸከሙትና ለወይዘሮዪቱ ያዘኑት በብዙው የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው።

በአገራችን ታላቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፥ ኮርቻው ባዶ እንደ ሆነ፥ ጋሻና ጦሩም ተይዞ በለቅሶው መካከል ይሳብ እንደ ነበር አንባቢዎቼ ያውቃሉ። ዳግማዊ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያለ የጠራ ሰው በፈረሳቸው ስም መጥራቱ ነበር። ሰውየውን ያላየ እንኳ ባዶውን ኮርቻ ባየ ጊዜ የጐደለውን ያውቃል። የኑርቡርግ ሰዎች የሚስቡት ፈረስ ስለ ሌላቸው መንገዱን ራሱን ባዶ ኮርቻ አደረጉት፤ ያውም በመጨረሻው ሳይሆን በመጀመሪያው መጠምዘዣ፥ ማንም ዙሩን ሳይጀምር በስማቸው በኩል እንዲያልፍ። በ2023 ደግሞ ወይዘሮዪቱ ከኑሮ ጓደኛቸው ከክላውስ አቤለን ጋር ይነዱለት የነበረው ፍሪካዴሊ የተባለው ቡድን የ24 ሰዓቱን ውድድር አሸነፈ። (ስሙ የተወሰደው ጓደኛቸው ከሚነግዱበት ከተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው፤ ጀርመኖች በእንዲህ ያለው ስም አያፍሩም።) ያን ድል ሳያዩ ሁለት ዓመት ቀድመው ሄደዋል።

በመጨረሻው ቀን አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ በገዛ መኪናቸው ሊያዞሩኝ ፈቀዱ። ከብዙ ዓመት በፊት ከወይዘሮ ሳቢነ ጋር በታክሲው ተሳፍረው ነበር፤ ያን ቀን የተሰጣቸውን ወረቀት እስካሁን በኪሳቸው ቦርሳ ይዘውታል፤ ቀለሙ ለቆ የሚነበብ ፊደል የለበትም። በሩን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው አንድ ነገር አመለከቱኝ፤ እኔ ግን ሁለት እጄን በመቀመጫው ላይ አድርጌ እግሬን የሌለ ፍሬን እረግጥ ነበር። ከዐሥር ደቂቃ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ደኑ፥ ድልድዩ፥ የሲሚንቶው ጐድጓዳ መጠምዘዣ ሁሉ እንደ ሕልም አለፈ። ስንወጣ ሽማግሌው በጨርቅ ከመስተዋቱ ላይ ተባዩን እየጠረጉ፥

«ስማቸውን አዩት፥ ጌታዬ?» አሉኝ።

«እውነቱን ልንገርዎ፥ አላየሁትም» አልኋቸው።

ሽማግሌው ብዙ ሣቁ። ጨርቁን አጥፈው ከወንበሩ በታች አስቀመጡና ለሁለተኛው ዙር ሊከፍሉ ወደ መስኮቱ ሄዱ።