ለመንታ ሞተር አንድ ካርቡሬተር ወይስ ሁለት?

"ጋሼ፣ ስንት ሚሊ ሜትር ካርቡሬተር ላስገጥምለት?" የሚል ስልክ ሳይደወልልኝ አንድ ወር አያልፍም። ለንደን ውስጥ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል የሚነዱ የኛ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያሉት ግን አዲስ አበባ በሰይቼንቶና በላዳ ካርቡሬተር እጄን ያጠቆርኩ መሆኔን ስለሚያውቁ እኔኑ ይጠይቃሉ። መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። "ወንድሜ፣ የምትነዳው የት ነው?" እላለሁ። ይናደዳሉ! ሚሊ ሜትር ሲጠይቁኝ ሰፈር ስጠይቃቸው የምቀልድባቸው ይመስላቸዋል።

ቀልድ አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

የእንግሊዝ "መንታ" የሚባለው ሁለት ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን የቆሙለት ሞተር ነው። ፋሽኑን ያስጀመረው ኤድዋርድ ተርነር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1937 ለትራያምፍ ፋብሪካ ያወጣው "ስፒድ ትዊን" ነበር። ከሱ ዘር የተወለደችውና ዛሬም የብዙ ጎረምሳ እንቅልፍ የምትነሳው ደግሞ "ቦነቪል" ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ስትመጣ ሞተሯ 649 ሲሲ፣ ካርቡሬተሯ ሁለት ነበር። ስሟን ያገኘችው አሜሪካ ዩታ ውስጥ ካለው የጨው ሜዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የትራያምፍ ሞተር የተገጠመለት ጥይት መሳይ ተሽከርካሪ እዚያ ሜዳ ላይ በሰዓት 214 ማይል /344 ኪሎ ሜትር ገደማ/ ከንፏል። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመች ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ አንድ ካርቡሬተር ይበቃኛል የሚል ጎረምሳ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን ይቺን ልብ በሉ። የመንታው ሁለት ፒስቶኖች እኩል ወጥተው እኩል ይወርዳሉ። ሲወርዱ አንዱ ተኩሶ ጉልበት እየሰጠ ነው፣ ሌላው አየርና ቤንዚን እየሳበ ነው። በሚቀጥለው ዙር ተራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይጠቡም ማለት ነው። መንታ ሕፃናት ተራ በተራ ከጠቡ አንድ ጡት ይበቃቸዋል! ለዚህም ነው ፋብሪካው ያንኑ 650 ሞተር በአንድ ካርቡሬተር ብቻ፣ "ቲ አር 6" ብሎ ይሸጥ የነበረው። የእንግሊዝ ፖሊሶች ሲገዙ የመረጡት ይሄንኑ ባለ አንዱን ነበር። ፖሊስ መቼም ወንጀለኛ የሚያሳድደው ለታይታ አይደለም። ጠዋት ሳያስቸግር የሚነሳ፣ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጀርባ ሲያዘግም የማይጠፋ ሞተር ይፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ስሙን ልተወው። ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ ይነዳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ሰሜን ሰርኩላር መንገድ ዳር ያለው "ኤስ ካፌ" አይቀርም። ኤስ ካፌ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተ፣ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ባለ ቆዳ ጃኬት ጎረምሶች በሰዓት መቶ ማይል ለመምታት የሚነሱበት ቦታ ነበር። በ1969 ተዘግቶ በ2001 እንደገና ተከፍቷል። ታዲያ የኛ ሰው እዚያ ሲመላለስ ልቡ ተሰረቀ፤ የሦስት ዓመት ቁጠባውን አራግፎ "ትራይተን" ገዛ። ትራይተን ማለት የትራያምፍ ሞተር በኖርተን አካል ላይ የተቀመጠበት ድቅል ነው። የሱ ደግሞ ሞተሩ ወደ 750 ሲሲ አድጓል፤ ካርቡሬተሮቹ ግን ዕድሜ የጠገቡ ሁለት "አማሎች" ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጮኛውን ከኋላ አፈናጦ ወደ አደባባይ ሲቃረብ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀው። ሞተሩ ግን አልለቀቀም! ካርቡሬተሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትመላለሰው ተንሸራታች እንደተከፈተች ተቀርቅራ ቀረች። ፍሪሲዮን ሲይዝ ሞተሩ እሪ አለ፤ ቁልፉን እስኪያጠፋ ድረስ የፊተኛው የጭነት መኪና ቂጥ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ወረደች፣ ሄልሜቷን እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ በአውቶቡስ ሄደች። ማታ ላይ የመጣው መልእክት አጭር ነው፦ "ከሠርጋችን በፊት ይሸጥ። ካልሆነ እኔን እርሳኝ።"

ይሄ ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተንሸራታቿ ለምን ተቀረቀረች ብሎ በመጠየቅ ፋንታ ባለ 34 ሚሊ ሜትር ሁለት የጃፓን "ሚኩኒ" ገዝቶ ገጠመ። "ሞተሩ ስላደገ ትልቅ ያስፈልገዋል" ብለውት ነው አሉ። ውጤቱ? አውራ ጎዳና ላይ ይበራል፤ ትራፊክ መብራት ላይ ይጠፋል። ሲያስነሱት ያስላል፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እኔጋ የተደወለው ያኔ ነው።

ሚኩኒን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ጥፋቱ ልኩ ላይ ነው። ካርቡሬተር ማለት አየር በጠባብ ጉሮሮ የሚያልፍበት ቧንቧ ነው። አየሩ ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ከታች ቤንዚን ይስባል። ጉሮሮውን ካሰፋችሁት ሞተሩ በቀስታ በሚዞርበት ጊዜ አየሩ ዘና ብሎ ያልፋል፤ የመሳብ አቅም ያጣል፤ ቤንዚኑም በደንብ ሳይበተን በጠብታ ይገባል። ትልቁ ጉሮሮ የሚጠቅመው ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ነው። ከቶተንሃም ዌምብሌይ እሁድ ጠዋት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከነዳጅ መስጫው ከሩብ በላይ የሚከፍተው ስንቴ ነው? የት ነው የምትነዳው ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ትራያምፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሞተሩን ወደ 744 ሲሲ ሲያሳድግ ካርቡሬተሮቹን ባለ 30 ሚሊ ሜትር ነው ያደረጋቸው። ከፋብሪካው ይበልጥ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ!

መጀመሪያ የመጣ ቀን ካርቡሬተሩን አልነካሁትም። አትንኩት እናንተም። የቫልቭ ክፍተት ሳይለካ፣ የእሳቱ ሰዓት ሳይስተካከል፣ ካንዴላ ሳይታይ ካቻቢቴ ይዞ ካርቡሬተር ላይ መረባረብ ትኩሳት ላለበት ሰው ጫማ መቀየር ነው። ቀጥሎ የአየር ማስገቢያውን ፈተሽኩ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ የሚረጭ ዘይት ብትነፉና ድምፁ ቢለወጥ፣ በዚያ በኩል የሰረቀ አየር እየገባ ነው። የሱ በግራ በኩል ይገባ ነበር።

ከዚያ አሮጌዎቹን አማሎች አምጣ አልኩት። ማስመሪያ ከመጋጠሚያ ገጻቸው ላይ ሳስተኛ መሐል ለመሐል ብርሃን አሳለፈ። የቀድሞው ባለቤት ፍሬዎቹን በጉልበት አጥብቆ አጥብቆ ገጹን አጉብጦታል። የዚህ ካርቡሬተር አካል ለስላሳ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ገጹ ሲጎብጥ ውስጡም ይጣመማል፤ ተንሸራታቿን አንቆ የሚይዛት እሱ ነው። አደባባዩ ላይ ሁለት ሰው ሊገድል የነበረው ነገር አንድ የመፍቻ ጉልበት ነበር እንግዲህ! ፍሬውን ክብ ላስቲኩ እስኪያዝ ድረስ ብቻ አጥብቁ፤ በቃ።

በማግስቱ ልጅቷም አብራ መጣች። ነርስ ናት፤ ነገር አይደለልባትም። "ጋሼ፣ አንድ ካርቡሬተር ቢሆን ምን ይጎድልበታል?" አለችኝ። "መቶ ማይል ላይ ትንሽ ነገር። እስከዚያ ምንም" አልኳት። ወዳጄ ፊቱ ተለዋወጠ። "ባለ ሁለት ጡት ቦነቪል በአንድ?" አለ። እኔ አንዱን ነበር የምመርጥለት፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ግን ንብረቱ የሱ ነው። በመጨረሻ በሦስታችን ስምምነት 34ቶቹ ተሸጡና አዲስ ባለ 30 አማል ጥንድ ተገዛ፤ የአሁኖቹ ተንሸራታቻቸው የጠነከረ አሉሚኒየም ስለሆነ ቶሎ አይበላም።

ማስተካከሉ አንድ እሁድ ፈጀ። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ብዬ ምልክት አደረግሁ፤ ካርቡሬተር በየደረጃው የሚታዘዘው ለተለያየ ዕቃ ነውና። ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት የሚገዛው ትልቁ ጄት ነው፤ ጄት ማለት ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን ናት። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ተንሸራታቿ ላይ የተንጠለጠለችው መርፌ ናት፤ ከፍ ስትል ቤንዚን ይጨምራል። ከስምንተኛ እስከ ሩብ የተንሸራታቿ የታች ተቆራጭ፣ ከዚያ በታች ሚኒሞውና የአየር ብሎኗ ናቸው። የአየር ብሎኗን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ አንድ ዙር ተኩል ብትመልሱ ለመነሻ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ትልቁ ጄት ይቀድማል። ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጎ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ከፍቶ፣ ድንገት ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፤ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት። ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ ይሄኛው ፒስቶን ያቀልጣል። በዛሬው ቤንዚን ቀለሙ ድሮ እንደነበረው አይነበብምና ጆሮም ይጨመርበት።

ሁለቱን ማመጣጠኑ ነው ሰው የሚያለቅስበት። ከአንድ እጀታ የወጣው ካቦ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ተንሸራታች በፀጉር ስንጥቅ ከቀደመ መንታው ይጣላል። እኔ በሁለቱም ስር እኩል ውፍረት ያላቸው የመሰርሰሪያ ፑንታዎች አስገብቼ፣ እጀታው ሲነካ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እስኪላቀቁ ካቦውን አስተካክላለሁ። ከዚያ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ አውጥቶ ሌላውን ብቻውን በሚኒሞ ማሠራት፣ በተራው ደግሞ ያኛውን። እሳቱ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ የተነቀለውን ሽቦ በካንዴላ አድርጋችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት፤ አለበለዚያ ዕቃው ይቃጠላል። ወደ አመሻሽ ላይ ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እየተንፏቀቀ፣ ግን ሳይጠፋ ቆመ። ልጅቷ ሻይ ይዛ ቆማ "ልቡ ተስተካከለ" አለች፣ የሙያዋን ነገር። ከኋላ ለመቀመጥ ግን ገና አሥር ደቂቃ እጀታውን ራሷ ከፍታ ስትለቅ ቆየች፤ ትክክሏን ነው።

አሁን ትልቁ ጠላት ቤንዚኑ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ2021 መስከረም ወዲህ ተራው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል። ሞተር ሳይክሉ ክረምቱን ሲቆም፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላዋ የሚኒሞ ጄት በዝቃጭ ትደፈናለች፤ በጸደይ "ካርቡሬተሬ ተበላሸ" የሚል ስልክ ይጀምራል። ዋጋው ወደድ ቢልም አምስት በመቶውን ግዙ። ለብዙ ሳምንት የሚቆም ከሆነ ደግሞ ከካርቡሬተሩ ስር ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ አፍስሱት፤ ጓንት አድርጉ፣ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም።