እማዬን አደራ

ሆረር ፊልም አልወድም። ዱባይ ስድስት ሆነን በምንኖርባት ክፍል ውስጥ ግን የሚታየውን የምመርጠው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከኔ በታች ያለው አልጋ የፊሊፒኗ ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አቴ» እላታለሁ፤ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። የኛን «እቴ» ስለሚመስል አፌ ላይ አልከበደኝም።

አንድ የእረፍት ቀን ማታ አንዱን ማዳመጫ ለሷ፣ አንዱን ለኔ አድርገን በስልኳ «ኢን ማይ ማዘርስ ስኪን» የሚል ፊልም ከፈተችልኝ። «በእናቴ ቆዳ ውስጥ» እንደማለት ነው። ኬኔት ዳጋታን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የታየ የፊሊፒንስ ፊልም ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1945 ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ተቃርቧል፤ ጃፓኖች ግን ገና አልወጡም። ጫካ ዳር ባለ ትልቅ ቤት ውስጥ ታላ የምትባል ልጅ ከታናሽ ወንድሟና ከታመመች እናቷ ጋር ትኖራለች። አባትየው የጃፓኖችን ወርቅ ደብቀሃል ተብሎ ተጠርጥሯል። ትቷቸው ይሄዳል። እናት እየደከመች ስትመጣ ታላ ጫካ ውስጥ አንዲት ሴት ታገኛለች፤ ያጌጠች፣ ልክ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደሚቆም የማርያም ሐውልት የምታበራ። እናትሽን አድንልሻለሁ ትላታለች። የሰጠቻት መድኃኒት ግን እናትየውን ሥጋ የሚያምራት ፍጡር ያደርጋታል።

እዚህ ጋ ስልኩ ላይ ጮህኩ። «አንቺ ደደብ! የማታውቂያትን ሴት እንዴት ታምኛለሽ?»

አቴ ፊልሙን አቆመችው። «ታዲያ ማንን ትመን?» አለችኝ በዛ በሚያግባባን ስብርባሪ እንግሊዝኛ። «አባቷ የለ፣ ሐኪም የለ። ልጅ እኮ ናት።»

ዝም አልኩ። እህቴ ትዝ አለችኝ።

እናታችን ስኳር አለባት። ቦሌ ስትሸኘኝ እህቴ 13 ዓመቷ ነበር። «እማዬን አደራ» ብያት ገባሁ። እኔ ብር እልካለሁ፤ እሷ ኢንሱሊን ትገዛለች፣ ትወጋታለች፣ ታበስላለች፣ ትማራለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት የቅጠል ዱቄት ይዛ ሰፈር መጣች። «መርፌውን ይተዉት፣ በሳምንት ይድናሉ» አለች። እህቴ አመነቻት። በአምስተኛው ቀን እማዬ ራሷን ሳተች። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት፣ ተረፈች።

ደውዬ «ማን ፈቀደልሽ? ልትገያት ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ ስለ እማዬ ስጠይቃት መልሷ «ደህና ናት» ብቻ ነው።

የፊልሙን ቀሪ በዝምታ አየነው። ደም አለው፣ ብዙ ደም። እስከዛ ሰዓት ድረስ ራሴን በታላ ቦታ አድርጌ ነበር የማየው፤ የታመመች እናት ያለችኝ ልጅ ነኛ። ለካ እኔ ትቶ የሄደው ሰው ነኝ። የሄድኩት ለነሱ ብዬ ነው። ቢሆንም ሴትየዋ ዱቄቷን ይዛ ስትመጣ ቤት አልነበርኩም፤ አደራውን የጣልኩት ልጅ ላይ ነው።

መሽቶ ነበር፣ ግን ደወልኩ። እህቴ ደንግጣ አነሳችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ያኔ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ ልልሽ ነው።»

ረጅም ዝምታ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መርፌውን ስወጋት እኮ እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም።