ሺማባራ፤ የነጩ ግንብ ከተማ

በጃፓን አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ኪዩሹ የምትባል ታላቅ ደሴት አለች። በዚህች ደሴት፣ በናጋሳኪ ግዛት ውስጥ፣ ባሕር በሦስት ወገን በከበበው ምድር ላይ የሺማባራ ከተማ ትገኛለች። ወደ ጃፓን የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ቶኪዮንና ኪዮቶን አይቶ ይመለሳል። ሺማባራ ግን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የምትነግረው ታሪክ ስላላት፣ ስለ እርስዋ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ፊታችንን ወደ ምዕራብ ስናቀና፣ አስቀድሞ የሚታየን ባለ አምስት ደርብ ነጭ ግንብ ነው። ያሠራው የአገሩ ገዥ ማትሱኩራ ሺጌማሳ ሲሆን፣ ሥራው በ1618 ተጀምሮ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የገዥው ግዛት ጠባብ ነበረ፤ ግንቡ ግን ከግዛቱ ዐቅም በላይ ነበረ። የጐደለውን ሁሉ የሞላው የገበሬው ጕልበትና ግብር ነው። የመሳፍንቱ አገዛዝ ከቀረ በኋላ በ1870ዎቹ ዓመታት ግንቡ ፈረሰ፤ ዛሬ የሚታየው በ1964 እንደ ገና የተሠራው ነው። በዙሪያው ያለው ጥልቅ ጕድባና የድንጋዩ ካብ ግን ጥንታውያን ናቸው። ውስጡ ቤተ መዘክር ሆኖ፣ በስደት ዘመን ክርስቲያኖች በስውር ይጠብቋቸው የነበሩ ንዋያት ይታዩበታል።

ከግንቡ ጥቂት ራቅ ብሎ ጠመንጃ ያዥ ወታደሮች ይኖሩበት የነበረ መንደር አለ። በመንገዱ መካከል ለመጠጥ ያገለግል የነበረ የምንጭ ውኃ በድንጋይ ቦይ ይወርዳል፤ ከጥንቶቹም ቤቶች ሦስቱ ለጐብኚ ክፍት ናቸው። በሌላው ሰፈር ደግሞ ቀይና ነጭ ዓሣዎች በየቦዩ ሲዋኙ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ይህን ውበት የሰጠው ምድር አስፈሪም ነው፤ በ1792 ከከተማው በላይ ያለው የማዩያማ ተራራ ተንዶ ባሕሩን ስላናወጠው፣ 15,000 ያህል ሰዎች ዐልቀዋል።

ከከተማው ወደ ተራራው ስንወጣ፣ ከመሬት ውስጥ የሚፈላ ውኃና እንፋሎት የሚወጣበት ኡንዜን የሚባል ቦታ እናገኛለን። የአገሩ ሰዎች የሚፈላውን ስፍራ «ሲኦል» ይሉታል። ዛሬ ሰው ለፍል ውኃና ለዕረፍት ይመጣበታል፤ በ1627 ግን ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ በዚሁ ውኃ ተሠቃይተውበታል። ከእነርሱ አንዱ ፓውሎ ኡቺቦሪ ነው። አስቀድሞ ሦስት ልጆቹ በባሕር ተጥለው ተገደሉ፤ እርሱም አልክድም ብሎ በፈላው ውኃ ሞተ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2008 ከብፁዓን ቈጥራዋለች።

ወደ ደቡብ ስንወርድ በባሕር ዳር የሐራ ግንብ ፍርስራሽ አለ። በ1637 መጨረሻ ገበሬዎች በግብሩ፣ በረኀቡና በስደቱ ተመርረው ተነሡ፤ መሪያቸው ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው አማኩሳ ሺሮ ነበረ። 37,000 ያህል ሆነው ከነቤተ ሰባቸው በዚህ ገብተው ተከበቡ፤ በ1638 በሚያዝያ ወር ግንቡ ሲያዝ ሴትና ሕፃን ሳይለይ ተፈጁ። ጦር ስላነሡ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከሰማዕታት አልቈጠረቻቸውም። ነገር ግን ከአፈሩ ውስጥ ከጥይት እርሳስ አቅልጠው የሠሯቸው ትንንሽ መስቀሎች ተገኝተዋል። የሺጌማሳ ልጅ ካትሱዬም ሕዝቡን በማስመረሩ በዚያው ዓመት አንገቱን ተሰየፈ።

ክርስትናን ወደ ጃፓን ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። የዚሁ ማኅበር ሰዎች በአገራችንም ብዙ ደም ያፈሰሰ ክርክር አስነሥተው፣ በ1632 የአባቶቻችን ሃይማኖት እንደ ተመለሰ አንባብያን ታውቃላችሁ። ይህን የምናስታውስ እኛ፣ ለእነዚያ ድኆች ልናዝን ይገባናል እንጂ ታሪካቸው አይመለከተንም ልንል አይገባንም። ሰውን በግድ ከእምነቱ ማስለቀቅ የሚያመጣውን መከራ አገራችንም ቀምሳዋለችና።

የሐራ ፍርስራሽ በ2018 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሺማባራን የሚጐበኝ ሰው በነጩ ግንብ ውበት ብቻ ረክቶ እንዳይመለስ እንመክራለን። በኡንዜን በኩል ዐልፎ፣ ግንብም ሆነ ግድግዳ ወደሌለበት ወደዚያ ባዶ ሜዳ ይውረድ። ልጆቹ አብረውት እንደ ሆኑ፣ ነጩን ግንብ ማን አሠራው ብቻ ሳይሆን በማን ላብ ተሠራ ብሎ ያስጠይቃቸው።